የልጆቹን ክፍል ጣሪያ መልሰን እንሥራ፦ የድጋፍ ጥሪ

የተከበራችሁ የእድራችን አባላት፣ የሰፈራችን ሰዎች፣ ውጭ አገር ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች፣

ወሬው ሳይደርሳችሁ አይቀርም። በማረሚያ ቤቱ ግቢ ለታሰሩ ልጆች በመዋጮ የሠራነውን ክፍል ጣሪያ ንፋስ ገንጥሎታል። ግድግዳው ደህና ነው፤ ወለሉም አልተነካም። ጣሪያ የሌለው ክፍል ግን በክረምት ሰው አያሳድርም። ስለዚህ ልጆቹ ወደ አዋቂዎቹ ክፍል ተመልሰዋል። ይህን መጻፍ ከብዶናል። እነሱን ከዚያ ለማውጣት ስንት ደጅ እንደተጠና ታውቃላችሁ።

እዚያ ማደር ምን እንደሆነ ስንቅ የምታመላልሱ እናቶች አይጠፋችሁም። ስልክ ሰረቀ ተብሎ የተያዘ የ14 ዓመት ልጅ በከባድ ወንጀል ከተፈረደበት ሰው ጎን ይተኛል። ምግቡን ይቀሙታል፣ ለትልልቆቹ ይላላካል። ሌሊት የደረሰበትን ለእናቱም አይናገርም።

ሕጉ ይህን አይፈቅድም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 በማረሚያ ተቋም ያሉ ወጣት ጥፋተኞች ከአዋቂዎች ተለይተው እንዲያዙ ያዛል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግም ከ9 እስከ 15 ዓመት ያሉ ልጆች ከአዋቂ ወንጀለኞች ጋር እንዳይታሰሩ በአንቀጽ 53 ደንግጓል። «ታዲያ የመንግሥት ሥራ አይደለም ወይ?» ትላላችሁ። ነው። ማመልከቻ ማስገባትም አላቆምንም። በጀት እስኪለቀቅ ግን ልጁ ዛሬ ማታ የት ይደር?

እስካሁን የተዋጣው ገንዘብ የት ገባ ለሚሉም በግልጽ እንመልስ። ብሎኬቱ፣ ሲሚንቶው፣ መጸዳጃ ቤቱ፣ ፍራሾቹ ቆመው ይታያሉ። ብዙ ጥያቄ ያስነሳው ለዕድሜ ምርመራ የወጣው ነው። በአገራችን የልደት ምዝገባ በአገር ደረጃ የተጀመረው በሐምሌ 2008 መጨረሻ ነው። ከዚያ በፊት የተወለደ የገጠር ልጅ ብዙውን ጊዜ ወረቀት የለውም። ሲያዝ ቁመቱ ታይቶ 18 ይጻፍበታል። አንዴ 18 ከተጻፈ ደግሞ የቱንም ያህል ጥሩ ክፍል ብንሠራ እዚያ አይገባም። ለዚህ ነው ልጆቹን ሐኪም ዘንድ ያስላክናቸው፣ የወላጆቻቸውንም የትራንስፖርት ወጪ የሸፈንነው። በዚህ መንገድ ዕድሜው ተስተካክሎ፣ ፍርድ ቤቱ ለወላጆቹ መልሶት ዛሬ ትምህርት ቤት የሚውል ልጅ አለን። ይህ ወጪ ብክነት ነው የሚለውን አንቀበልም።

ጣሪያው ለምን አልጸናም ለሚሉም፣ የተሠራው አቅማችን በፈቀደው በባህር ዛፍ ነበር። ንፋሱ በመጣበት ምሽት የስንቱ ጎረቤት ቆርቆሮ እንደሄደ አይታችኋል። አሁን ባለሙያዎቹ ወራጁ በብረት ይሁን ብለውናል። ዋጋው ከበፊቱ እጅግ ይበልጣል፤ መዋጮው ደግሞ ከፋሲካ ወዲህ ቀዝቅዟል። ኑሮው መክበዱን እናውቃለን። እኛም የምንኖረው እዚሁ ነው።

ቄሳችንም ሼሃችንም ከመጀመሪያው አብረውን ናቸው። የታሰረን ማሰብ በሁለቱም ቤት ትልቅ በጎ ሥራ ነው። የተሳልነውን ስለት፣ ያሰብነውን ሰደቃ ዘንድሮ ወደዚህ እናድርገው። ብየዳ የምትችሉ፣ ግንበኞች፣ መኪና ያላችሁ፣ የአንድ ቀን ጉልበታችሁም ትልቅ ነገር ነው።

ገንዘብ የምትልኩ እባካችሁ በኮሚቴው ስም ንግድ ባንክ በተከፈተው ሒሳብ ብቻ ይሁን። ቁጥሩ በእድሩ ደረሰኝ ጀርባ ታትሟል። ያለ ሦስት ሰው ፊርማ ብር አይወጣበትም። በማንም ሰው የግል ስልክ በቴሌብር እንዳትልኩ፤ የኮሚቴ አባል ነኝ ቢላችሁም እንዳትልኩ። ውጭ ያላችሁም በዚያው ሒሳብ በባንክ ላኩ፤ ደረሰኝ የሌላችሁ ቁጥሩን ከቤተሰባችሁ ጠይቁ። በእጅ የምትሰጡ እሁድ ከእድር ስብሰባ በኋላ ለገንዘብ ያዡ ስጡ፤ ደረሰኝ ሳትቀበሉ አትሂዱ። ደግመን እንላለን፦ በኮሚቴው ስም የተከፈተው የንግድ ባንክ ሒሳብ፣ ቁጥሩ በደረሰኙ ጀርባ።

የልጆች ክፍል ማሠሪያ ኮሚቴ