የልጆች ልብ ወለድና ቆሞ የሚያየው ልጅ

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

በትምህርት ቤት ጉልበተኝነት ላይ የሚያጠነጥኑ የልጆች ልብ ወለዶችን በደስታ አነባለሁ፤ ይሁን እንጂ ብዙዎቹ የታሪኩን ቋጠሮ የሚፈቱበት መንገድ ቅር ያሰኘኛል። ሲሰደብና ሲገፈተር የከረመው ልጅ በመጨረሻው ምዕራፍ አንድ ቡጢ ይሰነዝራል፣ አለዚያም ያልታወቀለት ተሰጥዖ ድንገት ይወጣና ሁሉም ያጨበጭብለታል። ጉልበትም ልዩ ችሎታም የሌለው አንባቢ ታዲያ ጥፋቱ የራሱ ይመስለዋል።

የጉልበተኝነት ጥናት ፈር ቀዳጅ ተመራማሪ ዳን ኦልቬዩስ ጉልበተኝነትን ከተራ ጠብ የለየው ሆን ተብሎ በመፈጸሙ፣ በመደጋገሙና የኃይል ሚዛኑ ያጋደለ በመሆኑ ነው። ሚዛኑ ካጋደለ ተበዳዩን ብቻውን «በርታ» ማለት ምን ይፈይዳል? ክርስቲና ሳልሚቫሊና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት ጥናት ደግሞ ከአጥቂውና ከተጠቂው ሌላ አጋዥ፣ በሳቁ አሟሟቂ፣ ተከላካይና ገለል ባይ ልጆች እንዳሉ አሳይተዋል። በፊንላንድ የተዘጋጀው ኪቫ የተሰኘ ጉልበተኝነትን የሚከላከል የትምህርት ቤት መርሐ ግብርም ትኩረቱን በእነዚሁ ተመልካቾች ላይ ያደርጋል።

ለደራሲ ከዚህ የበለጠ ምን ሲሳይ አለ? የጓደኛው ቦርሳ ሲወረወር ሳይወድ የሳቀው ልጅ፣ በማግስቱ ከተበዳዩ አጠገብ ለመቀመጥ ሲያመነታ የሚሰማው ጭንቀት ራሱን የቻለ ምዕራፍ ይወጣዋል። ብዙ ጊዜ በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚታለፈው ለአዋቂ የመናገር ጉዳይም፣ ልጁ ለማንና በምን ቃል እንደተናገረ፣ የመጀመሪያው መምህር ችላ ሲለው ወደ ማን እንደሄደ እየተዘረዘረ ሊጻፍ ይገባዋል። አሳታሚዎች ረቂቅ ሲመርጡ ይህን እንዲያስቡበት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢ