ልጆቹን ይዛችሁ ኑ፣ የምድር ትል እንቆጥራለን

ውድ አባላት፣

በሚቀጥለው ስብሰባችን የምድር ትሎችን እናጠናለን። ልጆቻችሁ እንዳይቀሩ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ወርዱም ቁመቱም ጥልቀቱም 20 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጉድጓድ እንቆፍራለን። አፈሩን ነጭ ጨርቅ ላይ በትነን በእጃችን እንፈልጋለን። ጠልቀው የሚኖሩትን ለማውጣት የሰናፍጭ ዱቄት በውሃ በጥብጠን ጉድጓዱ ውስጥ እናፈሳለን። ቆዳቸውን ስለሚለበልባቸው ወደ ላይ ይወጣሉ። ታዲያ ወዲያው በንጹሕ ውሃ ማጠብ አደራ! ትል የሚተነፍሰው በቆዳው ነው፤ ቆዳው ከደረቀ ይሞታል። ወደ ጭንቅላቱ ጠጋ ብሎ ወፈር ያለ ቀለበት ያለው ለመራባት የደረሰ ነው። ይህን መለየት ለልጆች ትልቅ ደስታ ነው።

ልጆቹን የጋበዝነው በምክንያት ነው። በኮቪድ ጊዜ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ጓደኛም ሜዳም አጡ። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ፣ 29 ጥናቶችን ያጠቃለለ ትንተና ከ4 ልጆችና ወጣቶች 1ዱ የድብርት፣ ከ5 ደግሞ 1ዱ የጭንቀት ምልክት እንደታየባቸው አሳይቷል። በጣም ያሳስባል።

ትል መቁጠር ሕክምና አይደለም። ልጃችሁ ለሳምንታት እንቅልፍ ካጣ፣ ከሰው ከሸሸ ወይም የሚወደውን ነገር ከተወ ባለሙያ ጋር ውሰዱት። ግን የልጅ እጅ ሥራ ሲይዝ አፉም ይፈታል። ፊት ለፊት «ምን ሆንክ?» ሲባል ዝም የሚለው፣ ጎን ለጎን ስትቆፍሩ ያወራችኋል። ያን ጊዜ ለመምከር አትቸኩሉ፤ አዳምጡት።

ጨርቁንና ውሃውን እኛ እናዘጋጃለን። ጓንትና መቆፈሪያ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ።