ግልጽ ደብዳቤ፦ ዲፕ ፍሪዘሩን ከጀነሬተሩ ጋር አገናኙልን

ለሆስፒታላችን አስተዳደር ኃላፊ

ሦስት ጊዜ በጽሑፍ አመልክቻለሁ። ሁለት ቀን ሙሉ ቢሮዎ ደጃፍ ተቀምጬ ውያለሁ። ሰሚ ስላጣሁ ነው በአደባባይ የምጽፈው።

ሰኞ ጠዋት ላብራቶሪ ስገባ ወለሉ ውሃ ነበር። ከዲፕ ፍሪዘሩ ሥር የፈሰሰ ነው። ቅዳሜ ማታ መብራት ሲጠፋ ጀነሬተሩ ተነስቷል። ቢሮዎችና ኮሪደሮች በርተው አድረዋል። ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ መሆን ያለበት ፍሪዘር ግን መስመር የለውም። ስከፍተው ቱቦዎቹ ውሃ ላይ ተንሳፍፈው ነበር። በእጄ የጻፍኩት ቁጥር ለቅቋል።

ቱቦዎቹ ውስጥ የነበረው በቀዶ ጥገና የወጣ የሽንት ፊኛና የፕሮስቴት ቁራጭ ነው። የሁለት ዓመት ሥራችን። የትኛው ኢንዛይም (በሰውነት ውስጥ ኬሚካላዊ ለውጥን የሚያፋጥን ፕሮቲን) የት ቦታ እንዳለ ለማየት ነበር የሰበሰብነው። የፊኛ ጡንቻ እንዲኮማተር የሚያዘው ከነርቭ የሚወጣ አሴቲልኮሊን የተባለ ኬሚካል ነው፤ እሱን የሚሰብረው ኢንዛይም ቀለም ሲይዝ ነርቮቹ በጡንቻው መሀል ተዘርግተው ይታያሉ። ፕሮስቴት ደግሞ በአሲድ ፎስፋቴዝ የበለጸገ ነው። ፒኤስኤ የተባለውን የፕሮስቴት ፕሮቲን በደም የሚለካው ምርመራ ከመምጣቱ በፊት ሐኪሞች የፕሮስቴት ካንሰር መሰራጨቱን በደም ውስጥ የሚከታተሉት በዚሁ ኢንዛይም ነበር።

ከቢሮዎ ያገኘሁት መልስ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም በቃል፦ «ፎርማሊን ውስጥ ለምን አታስቀምጡትም?»

እርስዎ ሐኪም ነዎት፤ ይህን ያውቁታል። ፎርማሊን የሥጋውን ቅርጽ ያቆያል እንጂ ብዙዎቹን ኢንዛይሞች ሥራ ያስፈታቸዋል። እኛ የምናየው ቀለም ደግሞ ኢንዛይሙ ሲሠራ ብቻ የሚመጣ ነው። ኢንዛይሙ ከሞተ በኋላ ስላይዱ ላይ ምንም አይወጣም። ቀልጦ የከረመውንም መልሶ ማቀዝቀዝ ዋጋ የለውም።

ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ ግን የአንድ አባት ነገር ነው። የስምምነት ቅጹን ቁጭ ብዬ ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ። «ናሙናው በጥንቃቄ ይቀመጣል» የሚለው ላይ ስደርስ «ውሰዱት ልጄ፣ ለሌላው ሰው ከጠቀመ» ብለው አሻራቸውን አኖሩ። ያንን ቃል የገባነው በሆስፒታሉ ማኅተም ነው። የተጣለው የእሳቸው አደራ ነው።

ከጀነሬተሩ ሳጥን እስከ ፍሪዘሩ 12 ሜትር ነው። ኤሌክትሪሺያኑ ለክቶ የዕቃውን ዝርዝር ካስገባ አምስት ወር አልፎታል። ወረቀቱ ጠረጴዛዎ ላይ ነው። ዛሬውኑ ይፈርሙበት።

አባባ ሐሙስ ለክትትል ይመጣሉ። በመጡ ቁጥር «ምን አገኛችሁበት?» ይሉኛል። በዚያ ቀን እርስዎም ወርደው አጠገቤ ቆመው ይንገሯቸው።