ወፍም ዜማውን ይማራል

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ባለፈው እሑድ በልጆች ዓምዳችሁ ላይ «ወፍ ማንም ሳያስተምረው ይዘምራል» የሚል ዓረፍተ ነገር አንብቤ ዝም ማለት አልቻልኩም። ሠላሳ አንድ ዓመት ባዮሎጂ አስተምሬያለሁ። ስለ ዶሮና ስለ እርግብ ከሆነ ልክ ነው፤ ስለ ዘማሪ ወፎች ግን ስሕተት ነው።

የአውስትራሊያውን ዜብራ ፊንች እንውሰድ። ወንዱ ጫጩት መጀመሪያ የአባቱን ዜማ ያዳምጣል፤ ቀጥሎ ይንተባተባል፤ ሦስት ወር ገደማ ሲሞላው ዜማው ይረጋል። እ.ኤ.አ. በ1976 ተመራማሪው ፈርናንዶ ኖተቦምና ባልደረቦቹ ካናሪ በተባለ ሌላ ዘማሪ ወፍ አንጎል ውስጥ ዜማን የሚመሩ ክፍሎች መኖራቸውን አሳዩ። ክፍሎቹን የሚያገናኙ ሁለት የነርቭ መስመሮች አሉ፤ አንደኛው ትእዛዙን ወደ ድምፅ ማውጫው ጡንቻዎች ያወርዳል። እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ቤዛል ጋንግሊያ በተባለው፣ እንቅስቃሴን ለመልመድ በሚረዳው የአንጎል ውስጠኛ ክፍል በኩል ዞሮ የሚመጣው ሁለተኛው ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ በዚህ መስመር ላይ ያለችው ኤልማን የተባለች ክፍል ስትጎዳ የጎልማሳው ዜማ እንደነበረ ይቀጥላል፤ የጫጩቱ ትምህርት ግን ይሰናከላል። ኤልማን የጫጩቱን ድምፅ የምታለዋውጥ፣ ደጋግሞ እንዲሞክር የምታደርግ ናትና።

የልጅ ልጄ አሥር ወሩ ነው። ጠዋት አልጋው ላይ ብቻውን «ባ፣ ባ፣ ዳ» ይላል፤ እናቱ ስትናገር ፀጥ ብሎ አፏን ያያል፤ ከዚያ እንደገና ይጀምራል። ያን ሳይ ጫጩቱ ትዝ ይለኛል።

እርማቱን በዚያው በልጆች ዓምድ፣ ልጆቹ በሚያዩት ቦታ እንድታወጡልኝ እለምናለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረተኛ መምህር፣ ደብረ ማርቆስ