ዋንጫው አንድ፣ ታሪኩ ሁለት

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ስለ ጥንታዊት አውሮፓ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። ርዕሱ ግን አላስቀምጥ አለኝ። «ወራሪዎች ብሪታንያን ጠራርገው ያዙ» ይላል። ርዕስ የሚያወጣው ብዙ ጊዜ ጸሐፊው አይደለምና ወቀሳዬ ለእርስዎ ነው።

ወሬው የደወል ቅርጽ ስላላቸው የሸክላ ዋንጫዎች ነው። ከ4,500 ዓመት በፊት ገደማ ከፖርቱጋል እስከ ሃንጋሪ፣ ሽቅብ እስከ ስኮትላንድ ድረስ ሰው ከነዚህ ዋንጫዎች ጋር ይቀበር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 ኔቸር መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ወደ 400 የሚጠጉ ጥንታዊ አውሮፓውያንን ዲኤንኤ መረመረ። ዋንጫው ብሪታንያ በገባ በጥቂት መቶ ዓመታት ውስጥ የሕዝቡ የዘር ሐረግ 90 በመቶ ያህል ተቀይሯል። ይህን ጽፋችኋል። ያው ጥናት ስለ ስፔንና ፖርቱጋል ያለውን ግን ዘለላችሁት። እዚያ ከዋንጫው ጋር የተቀበሩት ከመካከለኛው አውሮፓ ባለዋንጫዎች ጋር እምብዛም አይዛመዱም። ዋንጫው ሄዷል፤ ሰዉ በቦታው ነው።

ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ጀርመናዊው አርኪዮሎጂስት ጉስታፍ ኮሲና በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ፣ አንድ ዓይነት ዕቃ የተገኘበት ምድር የአንድ ሕዝብ ነው ብሎ አስተማረ። እሱ በ1931 ሞተ። ናዚዎች ግን ትምህርቱን ለመስፋፋታቸው ማስረጃ አደረጉት። ከጦርነቱ በኋላ ብዙ አርኪዮሎጂስቶች ስደት የሚባል ነገር ማንሳት ቀፈፋቸው። በተለይ ከ1960ዎቹ ወዲህ ለውጡን ሁሉ ከአገሬው ኑሮ ውስጥ ይፈልጉ ጀመር። የብሪታንያው ውጤት እነሱንም አስደንግጧል፤ ሰው በርግጥ ፈልሷል።

ግን ዲኤንኤ የሚናገረው ማን ከማን እንደተወለደ እንጂ ማን ማንን እንደገደለ አይደለም። በሽታ ሊሆን ይችላል፤ ነባሩ ሕዝብ ቀድሞውኑ ሳስቶም ሊሆን ይችላል። በ2002 እንግሊዝ አገር ካለው ጥንታዊ የድንጋይ ክበብ፣ ከስቶንሄንጅ፣ ብዙም ሳይርቅ የአንድ ሰው መቃብር ተገኝቷል፤ «የኤምስበሪው ቀስተኛ» ይሉታል። አምስት ዋንጫ፣ የመዳብ ቢላዎችና የወርቅ ጌጥ አብሮት ተቀብሯል። ጥርሱ ሲመረመር ያደገው በአልፕስ ተራሮች አካባቢ ሆኖ ተገኘ። ጉልበቱ ክፉኛ ተጎድቶ ስለነበር ሲሄድ ሳያነክስ አይቀርም። የብረታ ብረት መቀጥቀጫ ድንጋይም ነበረው። እኔን ከጠየቁኝ ባለሙያ ይመስላል። ይህን ሰው ነው ወራሪ ያላችሁት?

ርዕሱ ድረ ገጻችሁ ላይ አሁንም አለ። «ወራሪዎች» የሚለውን «መጤዎች» በሉት፤ ስለ ስፔንም አንድ አንቀጽ ጨምሩበት።

አክባሪ አንባቢያችሁ፣
ከአዲስ አበባ