በገዛ እጁ ፀጉሩን የቆረጠው ልዑል

ለተከበራችሁ አዘጋጆች፣

የዛሬዋን ፈረንሳይ ይገዙ ስለነበሩት የፍራንክ ነገሥታት ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። የንጉሥ ክሎቪስን የልጅ ልጅ ክሎዶአልድን በአንድ መስመር ማለፋችሁ ግን ቆጨኝ።

ክሎቪስ በ511 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ሲሞት አራት ልጆቹ ግዛቱን ተካፈሉት። ከእነሱ አንዱ ለሆነው ለክሎዶአልድ አባት ለክሎዶሜር የኦርሌአን ከተማና ግዛቷ ደረሰው። በ524 ጎረቤት ሕዝብ ከሆኑት ከቡርጉንዶች ጋር ሲዋጋ ሞተ። ሦስት ወንዶች ልጆቹን አያታቸው ንግሥት ክሎቲልድ ወስደው አሳደጉ።

አጎቶቻቸው ኪልደበርትና ክሎታር ግን ግዛቱን ተመኙት። ልናነግሣቸው ነው ብለው ልጆቹን አስመጡ። ከዚያ ለአያትየው መቀስና የተመዘዘ ሰይፍ ላኩ። ለፍራንኮች ረጅም ፀጉር የንጉሥ ዘር ምልክት ነበር። ፀጉሩ የተቆረጠ አይነግሥም። ንግሥቲቱ በድንጋጤ፣ ካልነገሡ ተሸልተው ከማይ ሞተው ባይ ይሻለኛል አሉ። ያቺ ቃል እስከ ዛሬ ታመኛለች።

የቱር ከተማው ጳጳስ ጎርጎርዮስ እንደጻፈው፣ ክሎታር መጀመሪያ የ10 ዓመቱን ልጅ ወጋው። የ7 ዓመቱ የኪልደበርት ጉልበት ላይ ተጠመጠመ። ኪልደበርት እያለቀሰ ወንድሙን ለመነ። ክሎታር አንተንም እገድልሃለሁ ብሎ ሲዝትበት ልጁን ከላዩ አላቅቆ ሰጠው።

ክሎዶአልድን ሰዎች አሸሽተው አተረፉት። ፀጉሩን ራሱ ቆርጦ ካህን ሆነ። ከፓሪስ በስተ ምዕራብ፣ ኖዣን በተባለች መንደር ገዳም መሠረተ። የዛሬዋ የሳን ክሉ ከተማ የተሰየመችው በእሱ ነው። እባካችሁ፣ በሚቀጥለው እትም ለብቻው አንድ ገጽ ስጡት።

አክባሪ አንባቢያችሁ