ቀይ ስር አልነበረም

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል፦

የጤና ዓምዳችሁን ሁልጊዜ አነባለሁ። ስለ ጡት ካንሰር ጽፋችኋል፤ ስለ ማሕፀን በር ካንሰር ጽፋችኋል፤ አንድ ሰሞን ፕሮስቴትንም ነካ አድርጋችሁት ነበር። ስለ ሽንት ፊኛ ካንሰር ግን አንድ መስመር አላየሁም። አምልጦኝ ከሆነ ይቅርታ። ለመውቀስ አይደለም የምጽፈው። እኔ ራሴ በፊኛዬ ውስጥ ዕጢ እስኪገኝ ድረስ ፊኛ በካንሰር እንደሚያዝ አላውቅም ነበር።

ነገሩ የጀመረው በዐቢይ ጾም ነው። አንድ ጠዋት ሽንቴ ቀልቶ ወጣ። አላመመኝም፣ አላቃጠለኝም። ማታ ቀይ ስር በልቼ ስለነበር «እሱ ነው» ብዬ ውሃ ደፋሁበትና ወደ ጉዳዬ ሄድኩ። በማግስቱ ጠራ። ቀይ ስር በእርግጥም የአንዳንዱን ሰው ሽንት ያቀላል። ችግሩ ከሦስት ሳምንት በኋላ ቀይ ስር ሳልበላ ተመልሶ መጣ። ለባለቤቴ አልነገርኳትም። ስልሳ ዓመት ያለፈው ሰው ስለ ሽንቱ ቀለም ከማን ጋር ያወራል?

አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። ሽንት ሰጠሁ፣ «ኢንፌክሽን ነው» ተባልኩ፣ ሲፕሮ ታዘዘልኝ። ደሙ ቆመ። መድኃኒቱ ያዳነኝ መሰለኝ። የዚህ በሽታ ተንኮሉ ግን እዚህ ላይ ነው። ደሙ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይሄዳል። ኪኒን ብትውጥም ባትውጥም ይቆማል፤ ምስጋናውን ግን ኪኒኑ ይወስዳል። ሁለተኛ መጣ፤ ሁለተኛ ሲፕሮ። ለሦስተኛው ሌላ ክሊኒክ ቀየርኩ። እዚያ ደግሞ «በዚህ ዕድሜ ፕሮስቴት ያለ ነው» አሉኝ። ጎረቤት ብርድ ነው አለኝ፤ ተልባ ጠጣሁ። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ሰባት ወር ሄደ።

የደረሰችብኝ ልጄ ናት። መታጠቢያ ቤት ገብታ ጠብታ አይታ «አባዬ፣ ይሄ የማን ደም ነው?» አለችኝ። መዋሸት አቃተኝ። በሳምንቱ አዲስ አበባ ወስዳ የኩላሊትና የሽንት ቧንቧ ስፔሻሊስት ፊት አስቀመጠችኝ።

ሐኪሙ የመጨረሻ ልጄን የሚያክል ወጣት ነው። ሁለት ነገር ጠየቀኝ። «አባቴ፣ ሲጋራ ያጨሱ ነበር?» አዎ፣ ሠላሳ ዓመት። «ቆላ ኖረው ያውቃሉ? ቦይ፣ ረግረግ ውስጥ ይገቡ ነበር?» ይሄኛው ገረመኝ። አዋሽ ሸለቆ፣ ጥጥ እርሻ ላይ መካኒክ ነበርኩ። በዚያ ሙቀት ቦይ ውስጥ ዘሎ ያልገባ ማን አለ?

ሁለቱን ጥያቄዎች ያለ ምክንያት አልጠየቀም። ሲጋራን ከሳንባ ጋር ብቻ ነው የምናያይዘው። መርዙ ግን ወደ ደም ይገባል፣ ኩላሊት ያጣራዋል፣ ከዚያ ከሽንት ጋር ፊኛ ውስጥ ለሰዓታት ተጠራቅሞ ይቀመጣል። የፊኛ ካንሰር ከሚይዛቸው ሰዎች የግማሽ ያህሉ ሰበብ ሲጋራ ነው። ኬሚካል በዚህ መንገድ ፊኛን እንደሚጎዳ መጀመሪያ የጠረጠረው ሉድቪግ ሬን የተባለ የፍራንክፈርት ቀዶ ሐኪም ነው። በ1895 የቀለም ፋብሪካ ሠራተኞች ፊኛ ላይ ዕጢ ሲደጋገም አየ። (ዓመቶቹን እንደ ፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።)

ሁለተኛው ጥያቄ የቢልሃርዚያ ነው፤ ከውሃ የሚይዘው የትል በሽታ። እኛ አገር በብዛት ያለው የአንጀቱ ዓይነት ነው። የሽንቱ ዓይነት ግን በመካከለኛውና በታችኛው አዋሽ፣ በምዕራብ ደግሞ በኩርሙክ በኩል አለ። ትሉ እንቁላሉን የፊኛ ግድግዳ ውስጥ ይጥላል። ቁስሉ ለዓመታት ሲቆይ ወደ ካንሰር ሊለወጥ ይችላል። ግብፆች ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል። ቢልሃርዚያው በመድኃኒት ሲቀንስላቸው በብዛት የሚያዩት የፊኛ ካንሰር ዓይነትም አብሮ ተለወጠ።

እዚህ ላይ ሳላነሳቸው ባልፍ ቅር ይለኛል። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 ዓድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ ነው። እዚያ ያለው የአንጀቱ ዓይነት ቢሆንም እንዶድ ቀንድ አውጣ አይመርጥም። ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር ሆነው በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የሚባለውን ሽልማት ተቀበሉ። ይህን ሥራ ከካንሰር ጋር አያይዞ ያነሳ ሰው ግን እስካሁን አልገጠመኝም።

ወደ እኔ ልመለስ። ሐኪሙ «በካሜራ ፊኛዎን ማየት አለብኝ» ሲለኝ በሩን ነው ያየሁት። ካሜራው በየት በኩል እንደሚገባ መናገር አያስፈልግም። ማደንዘዣ ጄል ተደረገልኝ፤ አምስት ደቂቃ አልሞላም። ስክሪኑ ላይ ራሴን ከውስጥ አየሁት። ከግድግዳው አበባ ጎመን የመሰለ ነገር በቅሎ በውሃው ውስጥ ይወዛወዛል። ልጄ እጄን ያዘች።

መሣሪያው ትናንት የመጣ እንዳይመስላችሁ። ማክስ ኒትዘ የተባለ ጀርመናዊ የመጀመሪያውን ያሳየው በ1877 ነው። ዛሬ ከሽንት ብቻ ካንሰሩን ለመለየት የሚሞክሩ ምርመራዎች በየጊዜው ይወጣሉ። ሐኪሙ እንደነገረኝ ግን ካሜራውን የተካው ገና የለም። እኔን እስካሁን የሚቆጨኝ ለዚች አምስት ደቂቃ ሰባት ወር መፍጀቴ ነው።

ከዚያ ከወገቤ በታች አደንዝዘው፣ በዚያው መንገድ ገብተው ጠረቡት። ሆዴ አልተቀደደም። ናሙናው ፓቶሎጂ ሄደ። የሚጠበቀው መልስ አንድ ነው፤ ጡንቻውን ነክቶታል ወይስ አልነካውም? ከነካው ፊኛው ራሱ ተቆርጦ ወጥቶ፣ ከአንጀት ሌላ መሥራት ሊመጣ ነው። ያንን አሥር ቀን እንዴት እንዳሳለፍኩት እኔ ነኝ የማውቀው። አልነካውም ነበር። ዓይነቱ ግን ኃይለኛ ስለሆነ መልሶ እንዳይበቅል ፊኛው ውስጥ መድኃኒት ይጨመራል ተባልኩ። መድኃኒቱ ቢሲጂ ነው።

ቢሲጂ! ወጣቱ ሐኪም የተሳሳተ መሰለኝ። «ዶክተር፣ ይሄ የሕፃን ክትባት አይደለም እንዴ?» «እሱው ነው አባቴ» አለኝ። ሳላስበው ወደ ልጄ ክንድ ዞርኩ፤ ጠባሳው ይታያል።

ቤት ገብቼ በልጄ ስልክ ማንበብ ጀመርኩ። አልቤር ካልሜትና ካሚይ ጌራን የተባሉ ፈረንሳዮች ከ1908 ጀምሮ ለ13 ዓመት የከብት ሳንባ ነቀርሳ ተሐዋሲን በድንች፣ በሐሞትና በግሊሰሪን ላይ 230 ጊዜ እያዛወሩ አሳደጉት። እስኪላላ፣ ሰው መግደል እስኪያቅተው ድረስ። በ1921 ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕፃን ተሰጠ። በ1929 ደግሞ ሬይመንድ ፐርል የተባለ አሜሪካዊ የሬሳ ምርመራ መዝገብ ሲያገላብጥ፣ ሳንባ ነቀርሳ የነበረባቸው ሰዎች ላይ ካንሰር አንሶ አየ። ነገሩ ተድበስብሶ ቀረ። በ1976 ካናዳ ውስጥ፣ ኪንግስተን በምትባል ከተማ፣ አልቫሮ ሞራሌስ የተባለ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ቢሲጂን በቱቦ ፊኛ ውስጥ ጨምሮ ያየውን ጻፈ። በስንት ሕመምተኛ? በ9። ዘጠኝ ሰው ብቻ።

ከሁሉም ያሳቀኝ የስድስቱ ሳምንት ነገር ነው። ሕክምናው በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ለስድስት ሳምንት ነው። ምን ጥልቅ ሳይንስ ይኖረው ይሆን ብዬ ነበር። ያኔ እነሞራሌስ የሚያገኙት ቢሲጂ በስድስት ብልቃጥ ታሽጎ ስለሚመጣ ነው! ዛሬም ዓለም ሁሉ ስድስት ይሰጣል።

አሠራሩን ሐኪሙ ሲያስረዳኝ እንዲህ ገባኝ። ቢሲጂ ካንሰሩን በእጁ አይገድለውም። ሰፈር መሃል ቆሞ «ሌባ! ሌባ!» ብሎ እንደሚጮህ ሰው ነው። የሰውነት ዘበኞች ዱላቸውን ይዘው ይወጣሉ። መጡ ማለት ነው፤ ተደብቆ የነበረውንም ዕጢ አብረው ያገኙታል።

በቱቦ ከተጨመረልኝ በኋላ ለሁለት ሰዓት ሽንቴን ይዤ አልጋ ላይ እገላበጣለሁ፤ በግራ፣ በቀኝ፣ በሆድ፣ በጀርባ። ልጄ «እንደ ቂጣ» እያለች ትስቅብኛለች። ከዚያ ቁጭ ብዬ ነው የምሸናው፣ እንዳይረጭ። ተሐዋሲው ሕያው ስለሆነ ሽንት ቤቱ ውስጥ በረኪና ደፍቼ 15 ደቂቃ ጠብቄ ውሃ እለቃለሁ። ማታ ብርድ ብርድ ይለኛል፣ በማግስቱ ይተወኛል።

ይህን ሁሉ ያወራሁት ግን ለሌላ ነገር ነው። የፊኛውን ቢሲጂ ፋርማሲ ለፋርማሲ ዞሬ አጣሁት። ለሕፃን የሚሰጠው መጠን ኢምንት ስለሆነ ክትባቱን አጠራቅሞ መጠቀም አይሆንም፤ ለብቻው የተዘጋጀ አለው። በመጨረሻ ወደ ህንድ ለንግድ የሚመላለስ ዘመድ፣ በሐኪም ደብዳቤ፣ በበረዶ ሳጥን ይዞልኝ መጣ። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሙቀት ውስጥ መቆየት አለበት። በረራው ዘገየ ሲሉኝ ከእሱ ይልቅ ያሳሰበኝ በረዶው ነው። እግዜር ይይልኝ።

እርግጥ እጥረቱ የእኛ ብቻ አይደለም። በ2012 ቶሮንቶ ያለ ፋብሪካ ጎርፍ ገባበት፣ አምራቹም በኋላ ሥራውን ተወው። አሜሪካ ያህል አገር በአንድ አምራች ላይ ተንጠልጥላ ቀረች። ተሐዋሲው ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው፤ ገንዘብ ብታፈስበት አይቸኩልም። ይህን አውቃለሁ። ግን በየጤና ጣቢያው ለሕፃን ሁሉ ቢሲጂ በብርድ ሰንሰለት የሚያደርስ አገር፣ ለአዋቂዎቹ የሚሆነውን ጥቂት ብልቃጥ በሰው ሻንጣ ሲጠብቅ ማየት ይከብዳል። መድኃኒት የሚያስገቡ ሰዎች ይህን ካነበቡ፣ ስንት ሕመምተኛ እንዳለ ስፔሻሊስቶቹን ይጠይቁና በዝርዝራቸው ላይ ያስገቡት።

አዳዲስ መድኃኒትም አለ። በ2023 ማድሪድ ላይ በተደረገ ትልቅ የካንሰር ጉባኤ፣ በሽታው ለተሰራጨባቸው ሰዎች ሁለት አዲስ መድኃኒቶች አንድ ላይ ሲሰጡ ምን እንደሆነ ተነገረ። በተለመደው ኬሞ ሕመምተኞቹ በሕይወት የሚቆዩበት መካከለኛ ጊዜ 16 ወር ነበር፤ በአዲሱ 31 ወር ተኩል ሆነ። ተሰብሳቢው ቆሞ አጨበጨበ ይላሉ። እኔም እዚያ ብገኝ አጨበጭብ ነበር። ግን ያ መድኃኒት ለዘገየ ሰው ነው፤ ዋጋውም ለእኛ ቢጤ የሚነካ አይደለም። በካሜራው አምስት ደቂቃ ቀድሞ የተያዘ ሰው እዚያ ድረስ ላይደርስ ይችላል።

እንግሊዞች ለሐኪሞቻቸው የጻፉት መመሪያ አጭር ነው። ዕድሜው 45 የሞላ ሰው በዓይን የሚታይ ደም ከሸና፣ ኢንፌክሽን ካልተገኘበት ወይም ታክሞም ደሙ ከተመለሰ፣ በአስቸኳይ ወደ ስፔሻሊስት ይላክ። ይህን በአንድ ወረቀት ጽፎ የየክሊኒኩ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ስንት ብር ይፈጃል? ደም የሸና ሁሉ ካንሰር አለበት ማለቴ አይደለም፤ ጠጠርም፣ ኢንፌክሽንም፣ ፕሮስቴትም ያመጣዋል። ግን ሁለተኛውን ሲፕሮ ከመጻፋቸው በፊት አንድ ጊዜ ውስጡን ያሳዩት። ለሴቶቹ ደግሞ ይበልጥ እፈራለሁ። በሽታው በወንድ ይበዛል፤ ሴት ስትሆን ግን የወር አበባ ነው፣ ኢንፌክሽን ነው እየተባለ ይበልጥ ይዘገይባታል።

ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያደረገኝ ባለፈው እሑድ ዕድር ላይ የሆነ ነገር ነው። ወሬዬ ሰፈር ውስጥ ተሰምቷል። አንድ የድሮ የሥራ ባልደረባዬ ቡናው እስኪፈላ ወደ ጥግ ሳበኝ። ግራ ቀኝ አየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ስማ፣ ያንተ ቀለሙ እንዴት ነበር? እንደ ሻይ ነው ወይስ እንደ ወይን?» አለኝ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኩት።

«ከፋሲካ።»

ማክሰኞ ይዤው አዲስ አበባ እሄዳለሁ።

አክባሪያችሁ፣
ጡረተኛ መካኒክ፣ ከአዳማ